በትምህርት ዘመን አጋማሽ የግል ግብን መመርመር፤ የመስከረም ውጥን በጥር ሚዛን

1. መግቢያ

በየዓመቱ በጥር ወር መገባደጃ በትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ሥራ ይከናወናል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ተሰጥቶ ይታረማል፤ ነጥቡ ተደምሮ ወደ ሮስተር ይገለበጣል፤ የተማሪዎች የውጤት መግለጫ ካርድ ተሞልቶ ለወላጆች ይላካል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እስኪጀመር ድረስ መምህሩ ጥቂት የዕረፍት ቀኖች ያገኛል። በዚሁ ሰሞን ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም የወረዳውን የሥራ ክንውን ይመዝናሉ። ተማሪውም በካርዱ ላይ በሰፈረው ቁጥር ይመዘናል። መምህሩ በመስከረም ለራሱ የገባው ቃል ግን የሚጠይቀው የለም።

እንደሚታወቀው መምህራን የትምህርት ዘመኑን የሚጀምሩት በሁለት ዓይነት ዕቅድ ነው። አንደኛው በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ተመሥርቶ በቅጽ የሚዘጋጀውና ለርእሰ መምህሩ የሚቀርበው ዓመታዊ የትምህርት ዕቅድ ነው። ሁለተኛው በልብ ወይም በግል ማስታወሻ ላይ የሚሰፍረው ነው፤ ይኸውም «ዘንድሮ በክፍሌ ማንበብ የማይችል ልጅ እንዳይኖር አደርጋለሁ»፣ «ትምህርቴን እጨርሳለሁ»፣ «በትዕግሥት አስተምራለሁ» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ ተከታታይ አለው፤ በየሳምንቱ ይፈረማል፤ ምዕራፉ ከቀኑ ወደ ኋላ ሲቀርም ይታወቃል። ሁለተኛው ግን ተቆጣጣሪ ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ሳይታወቅ ይሞታል። በሰኔ ወር ትዝ ሲል ጊዜው አልፏል፤ የሚቀረው ጸጸት ብቻ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግል ግብን በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ መመርመር ለምን እንደሚጠቅም፣ ምርመራው በምን ሥርዓት ሊካሄድ እንደሚችልና በምን ምክንያት ሊበላሽ እንደሚችል ማስረዳት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በጥር ወር በቅጠል ሊጠፋ የሚችል እሳት በሰኔ ወር በውኃም ላይጠፋ ይችላል።

2. የዓመቱ አጋማሽ መቼ ነው?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በኢትዮጵያ አንድ ዓመት አንድ አጋማሽ ብቻ አይደለም ያለው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ እኩሌታው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይውላል፤ የመሥሪያ ቤቶች የስድስት ወር ሪፖርትም የሚዘጋጀው በዚሁ መሠረት ነው። በዘመን አቆጣጠሩ ግን መስከረም 1 ቀን የተጀመረው ዓመት ስድስት ወሩን የሚሞላው የካቲት 30 ቀን ሲሆን፣ ጳጉሜን ሲታከልበት ትክክለኛው እኩሌታ መጋቢት መባቻ ላይ ያርፋል። ከመስከረም እስከ ሰኔ አሥር ወር የሚይዘው የትምህርት ዘመን ደግሞ በጥር መጨረሻ ለሁለት ይከፈላል።

ለመምህሩ ከሦስቱ የሚሻለው የጥሩ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ገና በማስተማርና ፈተና በማዘጋጀት ላይ ስለሚሆን ቆም ብሎ ለማሰብ ፋታ የለውም። በመጋቢት ደግሞ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መልኩን ይዞ ስለሚቆይ፣ ለውጥ ለማድረግ ቢፈልግ የክፍለ ጊዜ ድልድሉም ሆነ የተማሪው ልማድ አይፈቅድለትም። በጥር ግን ሥራው በተፈጥሮው ይቆማል፤ የተማሪዎቹ የፈተና ወረቀትና የስም መጥሪያው መዝገብም ገና ከእጁ አልወጡም።

በዚህ ረገድ አንድ ስሕተት እንዳይፈጸም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምስት ወር አልፎ አምስት ወር ቀርቷል ማለት የሥራው እኩሌታ ቀርቷል ማለት አይደለም። ሰኔ በአብዛኛው የክለሳና የፈተና ወር ነው። የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በገጠር አካባቢ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያስቀረው አጨዳና ውቂያ ቢያልፍም፣ በግንቦትና በሰኔ እርሻው በተራው ይጠራቸዋል። በመሆኑም መምህሩ «ገና አምስት ወር አለኝ» ብሎ ቢያስብ ራሱን ያታልላል፤ ለአዲስ ሥራ በእርግጥ የሚተማመንበት ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው አራት ወር ግድም ብቻ ነው።

3. ስለ አጋማሽ ጥናቶች የሚያስረዱት

ስለ ግብ አወጣጥ ከተካሄዱት ምርምሮች በሰፊው የሚታወቀው የኤድዊን ሎክና የጋሪ ሌተም ነው። እነዚህ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ አሰባሰቡት ማስረጃ፣ ግልጽና ጠንከር ያለ ግብ ያወጡ ሰዎች «የተቻላችሁን አድርጉ» ከተባሉት ይልቅ የላቀ ውጤት ያስመዘግባሉ። ሆኖም ግቡ ብቻውን አይሠራም፤ ሰውየው ከግቡ አንጻር የት እንደደረሰ የሚነግረው መረጃ ማግኘት ይኖርበታል። ይህንኑ የሚያጠናክር ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ቤንጃሚን ሃርኪንና ባልደረቦቹ አቅርበዋል። ቀደም ብለው የተደረጉ 138 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሂደታቸውን በየጊዜው እንዲከታተሉ የተደረጉ ሰዎች ግባቸውን የመምታት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ውጤቱን በጽሑፍ የመዘገቡትና ለሌላ ሰው የገለጹት ደግሞ ይበልጥ ተጠቅመዋል።

ስለ አጋማሽ በተለይ የሚናገሩ ሁለት ጥናቶች አሉ። ኮኒ ገርሲክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት የጊዜ ገደብ የተሰጣቸውን ስምንት የሥራ ቡድኖች ከመጀመሪያ ስብሰባቸው እስከ ፍጻሜው ተከታትላለች። የቡድኖቹ ዕድሜ የተለያየ ነበር፤ አንዳንዱ የቀናት፣ አንዳንዱ የወራት ነው። ሁሉም በመጀመሪያው ስብሰባ በያዙት መንገድ ያለ ብዙ ለውጥ ሲጓዙ ቆይተው፣ የተሰጣቸው ጊዜ ልክ ሲጋመስ የቀድሞውን አሠራር ጥለው አዲስ መንገድ ይዘዋል። ለለውጡ ምክንያት የሆነው የሥራው መጠን ሳይሆን «ጊዜው ተጋመሰ» የሚለው ግንዛቤ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጋማሹ የለውጥ በር ነው የሚል ነው፤ ያለፈው ጊዜ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አሳይቷል፤ የቀረውም ለማረም ይበቃል።

ሁለተኛው ጥናት ማስጠንቀቂያ ያዘለ ነው። አንድሬያ ቦኔዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ የሰው ትጋት በመነሻና በመድረሻ አካባቢ ከፍ ብሎ በመካከል ዝቅ ይላል። ምክንያቱም ሰው በመነሻው አካባቢ የሄደውን መንገድ ከመነሻው ጋር ያነጻጽራል፤ እያንዳንዱ እርምጃም ትልቅ ይመስለዋል። ወደ መድረሻው ሲቃረብ የቀረውን ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ እርምጃ እንደገና ይከብዳል። በመካከል ግን ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ አንዲት እርምጃ ከኋላውም ከፊቱም ስትታይ ከንቱ ትመስላለች። መምህራን በየካቲት ወር የሚሰማቸው ድካም ከስንፍና የመጣ ሳይሆን የመንገዱ ቅርጽ የፈጠረው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ማወቅ ብቻውን ሸክም ያቀላል፤ መድኃኒቱም ወደ ፊት እንደሚገለጸው የቀረውን ጊዜ በአጫጭር ክፍል መከፋፈል ነው።

4. የምርመራው አካሄድ

አካሄዱን በቀላሉ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ቢወሰድ ይሻላል። ምሳሌው ለማብራሪያ ያህል የተዘጋጀ እንጂ የአንድ የታወቀ ትምህርት ቤት ታሪክ አይደለም። አንዲት የሦስተኛ ክፍል መምህርት በመስከረም ወር 58 ተማሪዎች ተረከበች። ባደረገችው የንባብ ፈተና 17ቱ ቃላትን አያይዘው ማንበብ እንደማይችሉ ተረዳች። በማስታወሻዋም ላይ አራት ግቦች አሰፈረች፦

ሀ/ 17ቱ ልጆች እስከ ሰኔ ድረስ አጭር ምንባብ እንዲያነቡ ማድረግ፤
ለ/ በርቀት ትምህርት የምትከታተላቸውን 8 ሞጁሎች በዓመቱ ውስጥ መጨረስ፤
ሐ/ በየወሩ አንድ መጽሐፍ ማንበብ፤
መ/ የተሻለች መምህርት መሆን።

በጥር ወር ይህን ማስታወሻ ስትገልጥ የሚከተሉትን አራት እርምጃዎች ልትወስድ ትችላለች።

4.1 መዝገብን ከትዝታ ማስቀደም

የመጀመሪያው እርምጃ የሆነውን ነገር ከመዝገብ መፈለግ ነው። ትዝታ አድሏዊ ነው፤ ደስ ያለው ሰው ያደረገውን፣ ያዘነ ሰው ያላደረገውን ብቻ ያስታውሳል። መምህርቷ ልጆቹን እንደገና ስትፈትን ከ17ቱ 6ቱ ማንበብ ጀምረዋል፤ 11 ቀርተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ይህ ውድቀት ይመስላል፤ በዚህ ፍጥነት ከተኬደም በሰኔ 5 ልጆች ሳያነቡ ወደ አራተኛ ክፍል ይዛወራሉ። አንድ ልጅ በሦስተኛ ክፍል ሳያነብ ካለፈ ከዚያ በኋላ የሚያገኛቸው ትምህርቶች ሁሉ በጽሑፍ የሚመጡ ስለሆኑ ሳይንሱም ሒሳቡም አብረው ይዘጉበታል። ስለዚህ ጉዳዩ ከመምህርቷ የግል እርካታ ያለፈ ነው።

መዝገቡ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። መምህርቷ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ በ18 ሳምንት 36 ጊዜ ልጆቹን ለብቻቸው ልታስነብብ አቅዳ ነበር። ማስታወሻዋ የሚያሳየው የተካሄደው 15 ጊዜ ብቻ መሆኑን ነው። ከቀሩት 21 ጊዜያት 9ኙ በሐሙስ የመምህራን ስብሰባ፣ 5ቱ በበዓላትና በፈተና ሳምንታት፣ 4ቱ ለርቀት ትምህርቷ ወደ ከተማ በመሄዷ፣ 3ቱ በለቅሶ ምክንያት የታጎሉ ናቸው። እንግዲህ የተገኘው ውጤት የአሥራ አምስት ጊዜ ሥራ ውጤት እንጂ የሠላሳ ስድስት አይደለም።

4.2 ምክንያቱን መለየት

አንድ ግብ ወደ ኋላ ሲቀር ምክንያቱ ከአራት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ከግቡ፣ ከዘዴው፣ ከጊዜው ወይም ከአካባቢው ሁኔታ። ብዙ ሰው ግን ምክንያቱን በቀጥታ ወደ ባሕርዩ ይወስዳል፤ «እኔ ሰነፍ ነኝ»፣ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» ይላል። ይህ አባባል ትሕትና ቢመስልም የሚታረም ነገር ስለማያመለክት ለሥራ አይጠቅምም። ጆን ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ አስተሳሰብ በጻፈው መጽሐፍ ያስረዳው አስተውሎት ከቁጭት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አስተውሎት አንድን እምነት ከሚደግፈው ማስረጃ ጋር አገናኝቶ መመርመርን ይጠይቃል፤ ቁጭት ማስረጃ አይፈልግም።

በምሳሌው ላይ ሁለት ምክንያቶች ተለይተዋል። አንደኛው የጊዜ ነው፤ ሐሙስ የስብሰባ ቀን መሆኑ እየታወቀ ለልጆቹ መመደቡ ስሕተት ነበር። ሁለተኛው የሚገኘው የቀሩት 11 ልጆች አንድ በአንድ ሲታዩ ነው። የስም መጥሪያው እንደሚያሳየው 4ቱ ከትምህርት ቀኑ እኩሌታውን እንኳ አልተገኙም። 5ቱ የፊደልን የግእዝ ረድፍ አጥርተው ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሣልሱን ከኃምሱ፣ ካዕቡን ከሣልሱ ያምታታሉ። የፊደል ገበታው 33 ፊደላት በሰባት ረድፍ 231 ቅርጾች ስላሉት፣ «ፊደል አያውቅም» የሚለው ፍርድ በጣም ሰፊ ነው፤ ልጁ የቱን ረድፍ እንደማያውቅ መለየት ግን ሥራውን ወደ ጥቂት ቀኖች ያሳጥረዋል። የቀሩት 2ቱ ሰሌዳውን የሚያዩት ዓይናቸውን አጨንቁረው ነው። ለእነዚህ ሁለቱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ማስነበብ ሳይሆን ከፊት ማስቀመጥና ወላጆቻቸው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዷቸው መንገር ነው።

በመስከረም «17 የማያነቡ ልጆች» የተባለው ቡድን በጥር ወር ሦስት የተለያዩ ችግሮች ሆኖ ተገኘ። ይህን ማወቅ በመስከረም አይቻልም ነበር፤ የአጋማሽ ምርመራ ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው።

4.3 በየግቡ ላይ መወሰን

ሦስተኛው እርምጃ ውሳኔ ነው። በእያንዳንዱ ግብ ላይ ከአራቱ አንዱ መወሰን ይኖርበታል፤ እንዳለ መቀጠል፣ ማስተካከል፣ ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ወይም መተው። ሳይወሰን የሚታለፍ ግብ የሚበላው ጉልበት ከተተወው ይብሳል፤ አይሠራም፣ ግን ያሳስባል።

የንባቡ ግብ መቀጠል ይኖርበታል፤ ዘዴው ግን ይስተካከላል። የርቀት ትምህርቱ ግብ በከፊል ሊተላለፍ የሚገባው ነው። መምህርቷ በአምስት ወር ከ8ቱ ሞጁሎች 3ቱን ጨርሳለች። «ከእንግዲህ እበረታና 5ቱን በአራት ወር እጨርሳለሁ» ማለቷ አይቀርም። እዚህ ላይ ሮጀር ቡለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙትን ጥናት ማስታወስ ይጠቅማል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ የነበሩ ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚያጠናቅቁ ሲጠየቁ በአማካይ 34 ቀን ያህል ገምተው ነበር፤ በእርግጥ የወሰደባቸው ግን በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነው። በገመቱት ጊዜ የጨረሱት ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲገምት ሁሉ ነገር እንደተመኘው የሚሄድበትን መንገድ ያስባል እንጂ ባለፈው ጊዜ የሆነበትን አይቆጥርም። ያለፈውን እንዲያስታውሱና ከወደፊቱ ጋር እንዲያያይዙ የተደረጉት ግን ግምታቸው ወደ እውነቱ ቀርቧል። በዚህ መሠረት በአምስት ወር 3 ሞጁሎች የጨረሰ ሰው በቀረው ጊዜ ሌላ 3 ቢጨርስ በቂ ነው፤ የቀሩት 2ቱ ለክረምት ይተላለፉ። ይህ ከግብ ማፈግፈግ አይደለም፤ ያለፉት አምስት ወራት የሰጡትን ምስክርነት መቀበል ነው።

ሦስተኛው ግብ፣ በየወሩ አንድ መጽሐፍ ማንበብ፣ በአምስት ወር አንድ መጽሐፍ ብቻ ተነቦበታል። መምህርቷ ለምን እንዳወጣችው ራሷን ብትጠይቅ፣ ሌሎች ሲሉ ሰምታ እንጂ ዘንድሮ የሚያስፈልጋት ስለሆነ አለመሆኑን ልታገኘው ትችላለች። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንደሚባለው፣ ይህ ግብ ለዘንድሮ በግልጽ ሊተው ይገባል። ካርስተን ሮሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ሊደረስበት ከማይቻል ግብ ራሳቸውን ማላቀቅና በምትኩ ትርጉም ያለው ሌላ ግብ መያዝ የሚችሉ ሰዎች የተሻለ የመንፈስ ጤንነት እንዳላቸው አሳይተዋል። ጽናት መልካም ጠባይ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ስለ ሁሉም ነገር የሚጸና ሰው ስለ ዋናው ነገር የሚጸናበት ጉልበት ያጣል።

አራተኛው፣ «የተሻለች መምህርት መሆን»፣ መልካም ምኞት ቢሆንም ሊመረመር አይችልም፤ ምን ሲታይ ተፈጸመ እንደሚባል አልተገለጸምና። እንዲህ ያለው ግብ በአጋማሽ ወደ አንድ የሚታይ ተግባር መለወጥ አለበት። ለምሳሌ «ተማሪ ሲሳሳት ከመቆጣቴ በፊት እንዴት እንደደረሰበት እጠይቀዋለሁ» ቢባል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንት ጊዜ እንደተደረገ መቁጠር ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ሥራው አዲስና ውስብስብ ሲሆን፣ በተለይ ለጀማሪ መምህር፣ የውጤት ቁጥር ከማስቀመጥ ይልቅ የሚማረውን ነገር ግብ ማድረግ ይሻላል። «በዓመቱ ሁሉም ያልፋሉ» ከማለት «ክፍል የማስተዳደሪያ ሦስት ዘዴዎችን ሞክሬ የሚሠራውን እለያለሁ» ማለት ለጀማሪው የበለጠ ይጠቅመዋል።

4.4 የቀረውን ጊዜ መከፋፈልና ተግባሩን ከቦታና ከሰዓት ማሰር

የተስተካከለው ግብ «እበረታለሁ» በሚል ቃል ከተዘጋ በመስከረም የደረሰበት ይደርስበታል። ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 ከ94 ሙከራዎች እንዳረጋገጡት፣ «ይህ ሁኔታ ሲፈጠር ይህን አደርጋለሁ» ብለው አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ዓላማ ብቻ ከያዙት ይልቅ ግባቸውን በጉልህ በሚታይ ልዩነት ይፈጽማሉ። ስለዚህ መምህርቷ «ሐሙስን ትቼ ሰኞና ረቡዕ፣ የመጨረሻው ደወል እንደተደወለ፣ አምስቱን ልጆች በዚያው ክፍል የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ በካዕብ ረድፍ እጀምራለሁ፤ አንዱ ቀን በስብሰባ ወይም በለቅሶ ቢታጎል ዓርብ እተካዋለሁ» ብላ ብትጽፍ ለመዘንጋት የሚያመች ቀዳዳ አይኖርም። ለቅሶና ስብሰባ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመትም እንደማይቀሩ የታወቀ ነውና ዕቅዱ አስቀድሞ ሊቆጥራቸው ይገባል።

ከላይ የተጠቀሰውን የመካከለኛ ጊዜ ድካም ለመከላከልም የቀረው ጊዜ ለሁለት ቢከፈል መልካም ነው፤ አንዱ ከየካቲት እስከ መጋቢት፣ ሌላው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት። እያንዳንዱ የራሱ መነሻና መድረሻ ስላለው መምህሩ ከመድረሻ ብዙም ሳይርቅ ይሠራል። በየመጨረሻው አጭር የንባብ ፈተና ቢደረግ የሂደቱን መዝገብ ሙሉ ያደርገዋል።

5. ምርመራውን የሚያበላሹ ሁኔታዎች

ስለ ግል ግብ ምርመራ ሲነገር የሚነሣው ዋና ጥያቄ «ለማን ይገለጽ?» የሚለው ነው። ከላይ እንደተመለከተው ሂደትን ለሌላ ሰው መግለጽ ይጠቅማል። የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ መምህራን በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያ ዕድገታቸው እንዲያውሉ፣ አካሄዱም ፍላጎትን መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም የሚሉትን ደረጃዎች እንዲከተልና መረጃው በግል ማኅደር እንዲያዝ ሲደነግግ መነሻው ይኸው አስተሳሰብ ነው። በተግባር ግን መምህሩ የጻፈው ሁሉ ለደረጃ ዕድገት ወይም ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚውል ከመሰለው፣ የሚጽፈው የሆነውን ሳይሆን ቢታይ የሚያስመሰግነውን ይሆናል። «17ቱም ልጆች ከፍተኛ መሻሻል አሳይተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሪፖርት ያሳምራል፤ 11ዱን ልጆች ግን ከዓይን ይሰውራል።

ከዚህ አንጻር የሚመከረው መንገድ ሁለቱን መለየት ነው። የትምህርት ቤቱ ግምገማ በራሱ ቅጽ ይቀጥል። የግል ምርመራው ማስታወሻ ግን የመምህሩ ንብረት ይሁን፤ የሚያካፍለውም ራሱ ለመረጠው አንድ ባልደረባ ነው። ይህ ባልደረባ ፈራጅ ሳይሆን ጠያቂ መሆን ይኖርበታል፤ «15 ጊዜ ብቻ ለምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱንም ይሰማል። ርእሰ መምህሩ ሊረዳ የሚችለው ማስታወሻውን በመሰብሰብ ሳይሆን ከዕረፍቱ ቀኖች አንዱን ከስብሰባ ነጻ በማድረግና ከምርመራው የሚመጡ ጥያቄዎችን፣ ለምሳሌ የስብሰባ ቀን ይዛወር የሚለውን፣ በቅን ልቦና በመስማት ነው። ዘጠኝ የንባብ ጊዜ የበላው የሐሙስ ስብሰባ የመምህርቷ ጉድለት አይደለምና።

ሌላው አጥፊ ሁኔታ ምርመራውን ወደ ራስን መውቀስ መለወጥ ነው። መምህሩ በመንፈቀ ዓመቱ ያልጠበቀው ሕመም፣ የቤተሰብ ችግር ወይም የትምህርት መቋረጥ አጋጥሞት ከሆነ ግቡ ከአዲሱ ሁኔታ ጋር ሊመዘን ይገባል እንጂ ሁኔታው እንዳልተፈጠረ ሊቆጠር አይገባም። ያልታቀደ ነገር ግን የተሠራ ሥራም አለ። አዲስ ለመጣ ባልደረባ ዕቅድ አወጣጥ ያሳየ፣ የታመመ መምህር ክፍል የያዘ፣ ትምህርት ሊያቋርጥ የነበረ ልጅ ያስመለሰ መምህር ይህን በማስታወሻው ላይ ማስፈር አለበት። ግብ ላይ ያልነበረ ሥራ ስላልታቀደ ብቻ ከቁጥር አይወጣም።

6. ምርመራውና ተማሪው

ይህ አሠራር ለተማሪውም ይጠቅማል። በመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ላይ ተማሪው የሚያየው ነጥቡንና ደረጃውን ነው። ደረጃ ተማሪውን ከጓደኞቹ ጋር ያነጻጽራል፤ ከራሱ መስከረም ጋር ግን አያነጻጽረውም። ከ58 ተማሪዎች 41ኛ የወጣ ልጅ በመስከረም ያልቻለውን ማካፈል በጥር ችሎ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ግን ይህን አይነግረውም፤ አባቱም «41ኛ» የሚለውን ብቻ አይቶ ይቆጣል።

ስለዚህ መምህሩ ካርዱ በሚሰጥበት ሰሞን በአንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ሦስት ነገር እንዲጽፉ ሊያደርግ ይችላል፤ በመስከረም የማልችለው አሁን የምችለው ምንድን ነው? አሁንም የሚያስቸግረኝ ምንድን ነው? እስከ ትንሣኤ አንዱን ለማወቅ ምን፣ መቼና ከማን ጋር አደርጋለሁ? መጻፍ ለሚያዳግታቸው ታናናሾች በቃል ይበቃል። መልሱ ነጥብ አይሰጥበትም፤ በክፍል ፊትም አይነበብም። መምህሩ ግን ገጾቹን ሲያነብ ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ዕቅዱ ከፈተና ወረቀት የማያገኘውን መረጃ ያገኛል።

7. ማጠቃለያ

የግል ግብን በትምህርት ዘመን አጋማሽ መመርመር ገንዘብ ወይም ቅጽ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ፋታ ያለው ቀን፣ አንድ ማስታወሻ፣ የስም መጥሪያው መዝገብና አንድ እውነተኛ ባልደረባ ነው። መምህሩ በመጀመሪያ የሆነውን ከመዝገብ ያወጣል፤ ከዚያም ምክንያቱን ከባሕርዩ ሳይሆን ከግቡ፣ ከዘዴው፣ ከጊዜውና ከአካባቢው ይፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ግብ ላይ ይወስናል፤ የቀረውንም ጊዜ ከፋፍሎ ተግባሩን ከቀንና ከቦታ ጋር ያስራል። «ካልተገላበጠ ያራል» የሚለው ብሂል ለቂጣ ብቻ የተነገረ አይደለም። የመስከረም ውጥንም በጊዜው ካልተገላበጠ አንደኛው ገጹ ያራል፣ ሌላው ጥሬውን ይቀራል።

የምሳሌዋ መምህርት በሰኔ ወር ከ17ቱ ልጆች ሁሉንም ላታስነብብ ትችላለች። እኩሌታውን ቀን ከክፍል የሚቀሩት አራት ልጆች ጉዳይ ከእርሷ ክፍል ውጭ ወላጆችን፣ ርእሰ መምህሩንና ቀበሌውን ይጠይቃል። ነገር ግን ሣልሱን ከኃምሱ ያምታቱ የነበሩ አምስት ልጆች እስከ ትንሣኤ ለይተው ቢያነቡ፣ ዓይናቸውን ያጨነቁሩ የነበሩት ሁለቱም ሰሌዳው ቢታያቸው፣ በጥር ወር በማስታወሻ ላይ የጠፋው አንድ ቀን ሰባት ልጆችን ወደ አራተኛ ክፍል አንባቢ አድርጎ አሳልፏል ማለት ነው።